ባላንስድ ኬብል ልግዛ ወይስ አርሲኤው ይበቃኛል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ደሴ ቤትህ ውስጥ ዳክ (የላፕቶፑን ዲጂታል ድምፅ ወደ አናሎግ የሚቀይር ዕቃ) እና አምፕሊፋየር አለህ። ሁለቱም አርሲኤም (ተራው የቴፕና የዲቪዲ መሰኪያ) ኤክስ ኤል አርም (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ፣ ባላንስድ ኬብል የሚሰካበት) አላቸው። ርቀታቸው ሁለት ሜትር አይሞላም። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ስትሰካው ስፒከሩ «እምምም» ይላል። ባላንስድ ኬብል ብገዛ ይጠፋል ወይ ነው ያልከው። አብሽር፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት በነፃ የሚሞከር ነገር አለ።

እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ለሰርግና ለስብሰባ ድምፅ እዘረጋለሁ። ለረጅም መስመር ሁሌም ባላንስድ ነው የምጠቀመው። ከመድረክ እስከ ሚክሰር ያለው ኬብል ከመብራት ገመድ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሌላ ምርጫ የለም። የኤክስ ኤል አር አንደኛው እግር ግራውንድ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንኑ ድምፅ ይሸከማሉ፣ አንዱ ግን የሌላው ግልባጭ ነው። መንገድ ላይ የሚገባው ረብሻ ሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ረብሻው ይጠፋል፣ ሙዚቃው ይቀራል። አርሲኤ ላይ ግን የድምፁ መመለሻና ግራውንዱ አንድ ሽቦ ነው። በሁለት ዕቃዎች ግራውንድ መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ከፈሰሰ ቀጥታ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል።

ያንተም ችግር ይሄ ይመስለኛል። ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀለውና በባትሪ አጫውት። ዝም ካለ መንስኤው በቻርጀሩ በኩል የሚዞረው ግራውንድ ነው። ድምፁንም ለይተህ ስማው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ወፍራሙ እምምታ 50 ወይም 100 ኸርዝ ነው። ቀጭን ጢጢታ ከሆነ ግን ከቻርጀሩ ወይም ከዩኤስቢው የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ። ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል። አንዳንድ ሰው የሶኬቱን የግራውንድ እግር ይቆርጣል። እባክህ አታድርገው! 220 ቮልት ነው፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ብረቱን የነካ ሰው ይያዛል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ አስበው።

ይሄ ሁሉ ካልሠራ ኤክስ ኤል አሩን ሞክር፣ ላንተ ችግር በእርግጥ ሊረዳ ይችላል። ግን ውድ ኬብል አትግዛ። ተራ የማይክ ኬብል ያው ሥራ ይሠራል። ድምፅ ከሚያከራይ ሰው ሁለት ተውሰህ አንድ ማታ ስማበት። አርሲኤውን በአዳፕተር ኤክስ ኤል አር ማድረግ ግን አያዋጣም፣ ጫፉ ተቀየረ እንጂ ባላንስድ አልሆነም።

ስታወዳድር አንድ ነገር ልብ በል። ብዙ ዳኮች በአርሲኤ 2 ቮልት፣ በኤክስ ኤል አር 4 ቮልት ያወጣሉ። የ6 ዲሲቤል ልዩነት ነው። ድምፁ ስለጮኸ ብቻ «ጠራ» ይመስልሃል። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ነው ኬብሉን የሚያሞግሰው። ቮሊዩሙን እኩል አድርገህ ፍረድ።

እምምታው ከጠፋልህና ዕቃዎቹ እዚያው ጎን ለጎን ከሆኑ፣ ደህና ሽፋን ያለው አርሲኤ ይበቃሃል። በኋላ ፓወርድ ስፒከር (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ ስፒከር) ገዝተህ ሳሎኑ ማዶ ካስቀመጥክ፣ መስመሩ አምስት ስድስት ሜትር ከሆነ፣ ያኔ ያለ ጥርጥር ባላንስድ ግዛ።