የደንዳኔ ካንሰር ሆድ ሳይከፈት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቢቸና አካባቢ በእርሻ የሚተዳደሩት የ58 ዓመት አባቴ ሰገራቸው ደም እየቀላቀለ ሲቸገሩ ኪንታሮት ነው እየተባለ ቆይቶ፣ አሁን በባዮፕሲ (ከአካል ተቆርጦ በሚመረመር ናሙና) የደንዳኔ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል፣ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪማቸው ሆድ ተከፍቶ ይሠራ ይላሉ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ግን በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ስለሚሻል ተራ እንጠብቅ ይላል። በዚያ መንገድ ካንሰሩ ተጠርጎ ይወጣል? አባቴስ ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ?

መልስ፦ ለአባትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ላፓራስኮፒ በሚባለው ዘዴ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ቢሆኑም (አንጀቱን ለማውጣት አንዱ ሰፋ ይደረጋል) ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከክፍቱ አይለይም። በሁለቱም መንገድ ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል በዙሪያው ካለው ስብና ንፍፊት ጋር፣ ስቡን የከበበው ሽፋን ሳይቀደድ፣ በአንድነት መውጣት አለበት። ከበሽታው ደረጃ ቀጥሎ የካንሰሩን መመለስ የሚወስነው ይህ ነው እንጂ የቆዳው ቁስል ስፋት አይደለም።

በ8 አገሮች 1,044 ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ኮሎር ሁለት የተባለ ጥናት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በካሜራ በተሠሩትም ሆድ ተከፍቶ በተሠሩትም ወገን ከመቶ 5 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በካሜራ የተሠሩት የፈሰሳቸው ደም ያነሰ፣ ከሆስፒታል የወጡበትም ጊዜ ትንሽ የፈጠነ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ረዘም ይላል፣ ከስድስት ታካሚዎች በአንዱ ገደማም መሐል ላይ ሆድ መክፈት ግድ ሆኗል። በሰሜን አሜሪካ እንዲሁም በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ተሠርተው በዚያው ዓመት ውጤታቸው የወጣ ሁለት ጥናቶች ደግሞ የወጣው አካል በላቦራቶሪ ሲመረመር በላፓራስኮፒ የተሠራው ከክፍቱ እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻሉም፤ ሆኖም ታካሚዎቹ ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው በካንሰሩ መመለስም ሆነ በሕይወት በመቆየት ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ላፓራስኮፒ ጥሩ የሚሆነው በለመደው እጅ ነው፤ በክፍቱ የተካነ ሐኪም የሚሠራው ሥራ፣ ካሜራውን ገና ከሚለማመድ ሰው ሥራ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ካሜራ ፍለጋ ብቻ ሕክምናውን ማዘግየትን አልመክርም። አሁን የሚቀድመው የዳሌ ኤምአርአይ ነው፤ ዕጢው ወደ ሽፋኑ ጠርዝ ተጠግቶ ከተገኘ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረርና ኬሞቴራፒ ሊያስፈልግ ይችላል። ሐኪሙን ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ እንደሠሩት መጠየቅም ነውር የለበትም። ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣ እንደሆነ፣ ይህም ለጊዜው ይሁን ለዘለቄታው፣ አባትዎ አስቀድመው ይስሙ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሳይነገረው ሲነቃ ነው።

ካገገሙ እርሻቸው አይቀርባቸውም። ሞፈርና ቀንበር መሸከሙን ግን ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ቢያንስ ስድስት ሳምንት ለልጆች ይተዉ። እርስዎና ወንድምዎም የቅርብ ሥጋ በመሆናችሁ 40 ዓመት ሲሞላችሁ፣ ካለፋችሁም አሁኑኑ፣ የኮሎኖስኮፒ ምርመራ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) አድርጉ።