ለፋሲካ ገበታ ከጓሮ የሚቆረጥ አበባ፦ ሜሪላንድ ላለሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። «ሜሪላንድ ጓሮ ያለው ቤት ገባን። የፋሲካን ገበታ ከራሴ ጓሮ በቆረጥኩት አበባ ማስዋብ እፈልጋለሁ። ምን ልትከል? መቼ ልቁረጥ? ምግቡ መሀሉን ስለሚይዘው አበባውን የት ላድርገው?» ነው ያልሽው። እኔም የምኖረው እዚሁ አካባቢ ነው። የፋሲካን ገበታ ለዓመታት ከጓሮዬ አበባ ሳሰናዳ ስለኖርኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር እናንሳ። የእኛ ፋሲካ ቋሚ ቀን የለውም። በ2024 ሜይ 5 ዋለ። በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር። የ2026ቱ ኤፕሪል 12፣ የ2027ቱ ደግሞ ሜይ 2 ነው። በዚህ አገር ጓሮ እነዚህ ሳምንታት በጣም ይለያያሉ። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ዛፉ ገና እርቃኑን ነው። ሜይ ሲገባ ሁሉም ለብሷል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ተክለሽ «ይሄ የፋሲካዬ ነው» ካልሽ፣ አንዱ ዓመት ይደርስልሻል፣ ሌላው ዓመት ያልፍብሻል። በተለያየ ሳምንት የሚያብቡ ሦስት አራት ዓይነት ይኑሩሽ። ያኔ ፋሲካ ቀድሞም ይምጣ ዘግይቶ፣ ጓሮሽ ባዶ እጁን አይጠብቅሽም።

ለቀደመ ፋሲካ ዳፎዲል ነው ዋናው። ከማርች መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ ይገኛል። ቢጫው ነጭ ጥልፍ ላይ እንዴት እንደሚያምር ስታዪው ትረጂኛለሽ። ደግሞም አጋዘን አይነካውም። አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ራሱ ይመጣል፣ እየበዛም ይሄዳል። ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ቱሊፕ ተከትሎት ኤፕሪል ውስጥ ያብባል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቱሊፕ ውበቱ ልዩ ቢሆንም ልፋት አለው። አጋዘን በጣም ይወደዋል። ስኩረል ደግሞ ከመሬት ቆፍሮ ያወጣዋል። ብዙው ዓይነት ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ በየመከሩ ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። አጥር ካለሽ ትከዪው። አጋዘን እንደልቡ የሚገባበት ጓሮ ከሆነ ግን ገንዘብሽን ዳፎዲል ላይ አውዪው።

ፋሲካ ወደ ኤፕሪል መጨረሻ ሲሄድ ሊላክ የሚባለው ዘለላ አበባ ያለው ቁጥቋጦና ዶግዉድ ይደርሳሉ። ዶግዉድ ዛፍ ነው፣ ምናልባት ግቢሽ ውስጥ ቀድሞም ይኖር ይሆናል። ነጩ ዶግዉድ አንድ ቅርንጫፉ ብቻውን ረጅም ጠርሙስ ውስጥ ሲቆም ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። ሜይ ከገባ አይሪስ አለ፣ ቀድሞ የሚያብበው ፒዮኒም ይጀምራል። ፒዮኒ ለፋሲካ ባይደርስ እንኳ ለግንቦት ልደታ ሊደርስልሽ ይችላል። ግንቦት 1 እዚህ ሜይ 9 ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው። ንፍሮው ሲቀርብ፣ ቡናው ደጅ ሲፈላ፣ አንድ ሁለት ፒዮኒ ረከቦቱ አጠገብ አድርጊ።

ወደ መቁረጡ ልምጣ። አንቺም እንደምታውቂው ሰሙነ ሕማማት ጊዜ የለም። ዓርብ ስግደት ነው። ቅዳሜ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ዶሮው ይበለታል፣ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ አበባውን ቅዳሜ ጠዋት፣ ማድቤት ከመግባትሽ በፊት ቁረጪው። ጠዋት አበባው ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ጠንክሮ ያድራል። እኩለ ቀን ላይ የተቆረጠ ግን ቶሎ ይጠወልጋል። ባልዲ ውሃ ይዘሽ ውጪና እንደቆረጥሽ ወዲያው ንከሪው። መቀሱ ስለታም ይሁን። አገዳውን ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ። ከውሃው በታች የሚሆነውን ቅጠል ሁሉ አንሺ፣ አለበለዚያ በስብሶ ውሃውን ያገማዋል። ከዚያ ባልዲውን ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ቦታ፣ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት አስቀምጪው። አንቺ ወጥሽን ስትሠሪ እሱ ውሃውን ይጠጣል። ማታ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድሽ በፊት ገበታው ላይ ታደርጊዋለሽ።

የመቁረጫው ደረጃም በየአበባው ይለያል። ዳፎዲልን እምቡጧ ቢጫ ሆና አንገቷን ስትደፋ ቁረጫት፣ ውሃ ውስጥ ትፈነዳለች። ቱሊፕን ቀለሙ ሲታይ፣ ግን ገና ሳይከፈት። ሊላክን ግን እምቡጥ ሳለ አትቁረጪው፣ ከተቆረጠ በኋላ እምብዛም አይከፈትም። ዘለላው አብዛኛው ሲያብብ ቁረጪ። ግንዱ እንጨት ስለሆነ ጫፉን ወደ ላይ ትንሽ ሰንጥቂለት። ቅጠሉንም አራግፊለት። ፒዮኒን እምቡጡን በጣትሽ ጫን ስትዪው ለስለስ ካለ ደርሷል። በዚያ ደረጃ ቆርጠሽ በወረቀት ጠቅልለሽ ያለ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጪው ከሳምንት በላይ ይቆይልሻል። ጉንዳኖቹን አራግፊያቸው እንጂ መድኃኒት አትርጪባቸው። ተክሉን አይጎዱትም።

ዳፎዲልን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ስትቆረጥ ከአገዳዋ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ አብሯት ውሃ ውስጥ ያለውን ሌላ አበባ፣ በተለይ ቱሊፕን፣ ቶሎ ያደርቀዋል። ስለዚህ ለብቻዋ ውሃ ውስጥ ትዋል። ቀላቅለሽ ማስቀመጥ ከፈለግሽ፣ ከዋለች በኋላ አገዳዋን ድጋሚ ሳትቆርጪ አውጥተሽ ከሌላው ጋር አድርጊያት። ድጋሚ ከቆረጥሻት ፈሳሹ እንደገና ይመጣል።

ቱሊፕ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላም ማደጉን አያቆምም። ይረዝማል፣ ወደ ብርሃን ይዞራል፣ ይጎብጣል። ባልዲው ውስጥ ሳለ በጋዜጣ ጠበቅ አድርገሽ ብትጠቀልዪው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ገበታው ላይ ስታደርጊው ደግሞ ከሚበቃሽ ቁመት አሳጥረሽ ጀምሪ፣ በማግስቱ ይረዝማልና። ሌላው የምወድለት ጠባዩ ይህ ነው። በብርድና በጨለማ ይዘጋል፣ በሙቀትና በብርሃን ይከፈታል። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ጾም ስንፈታ እምቡጥ ነው። እሑድ ለምሳ እንግዳ ሲመጣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይጠብቃል። አንዱ አበባ ሁለት ገበታ አሳመረ ማለት ነው።

የውሃውን ነገር ባጭሩ፦ ማስቀመጫው በሳሙና የታጠበ ይሁን። ውሃው ውስጥ ትንሽ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሪ። በየሁለት ቀኑ ቀይሪው። ሙዝና ፖም ያለበትን ሳህን ከአበባው አርቂ። የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያስረጃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልግባ። መሀሉ የምግቡ ነው። በእኛ ቤት መሶቡ ወይም ትሪው መሀል ይቀመጣል፣ ሰው ዙሪያውን ሆኖ እጁን ይዘረጋል፣ ይጎራረሳል። በፈረንጅ መጽሔት ላይ የምናየው መሀል ላይ የተከመረ ትልቅ እቅፍ አበባ ለዚህ አበላል አልተሠራም። እጅ ሲያቋርጥ ይነካዋል፣ ወጡ ላይ ይረግፋል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይጋርዳል። ስለዚህ አበባሽን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዪው። የሻይ ብርጭቆ፣ ትንሽ ጠርሙስ፣ ብርሌ ሁሉ ይሆናል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አንዲት ዳፎዲል ወይም አንድ ቱሊፕ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጠጅ የሚቀርብበትን ሳይሆን ለአበባ ብቻ የሚሆን ለይተሽ ያዢ፣ ምክንያቱም ውስጡን አጥቦ ማጥራት ከባድ ነው። ከዚያ አንድ አንዱን በየሰው ፊት፣ ወይም በገበታው ጠርዝ ላይ ደርድሪ። ቁመታቸው ከተቀመጠ ሰው አገጭ አይለፍ።

ትልቁን እቅፍ መተው የለብሽም። ቦታው ሌላ ነው። ድፎ ዳቦውና መጠጡ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ካለሽ እዚያ አድርጊው። ወይም እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በር አጠገብ። ጥቁር የሸክላ ማሰሮ ካለሽ ቢጫ ዳፎዲል ሙዪበት፣ ከእሱ በላይ የሚያምር ነገር አላየሁም። ሸክላው ውሃ ስለሚያሰርግና ጠረጴዛሽን ስለሚያበላሽ ግን ብርጭቆ ወይም ማርማላታ ዕቃ ውስጡ ክተቺና አበባውን እዚያ ውስጥ አድርጊው።

ሽታም አስቢበት። ሊላክና ሃያሲንት መዓዛቸው ኃይለኛ ነው። ዶሮ ወጥ፣ ንጥር ቅቤ፣ ቡናና ዕጣን ባለበት ክፍል ውስጥ እነሱ ሲጨመሩ ይበዛል። ሳሎን መግቢያው ላይ ወይም መታጠቢያ ቤት አድርጊያቸው። ገበታው ላይ ሽታው ለስለስ ያለ ወይም የሌለው አበባ ብቻ ይሁን። ቱሊፕና ዶግዉድ ለዚህ ጥሩ ናቸው።

እባክሽ ይህን ደግሞ በጥንቃቄ አንብቢው። የዳፎዲል ሥር ልክ ሽንኩርት ይመስላል፣ መርዛማም ነው። በሽንኩርት ተሳስተው በልተውት የታመሙ ሰዎች አሉ። እኛ ደግሞ በፋሲካ ዋዜማ የሽንኩርት ክምር ነው የምንከትፈው። የአበባ ሽንኩርት ማድቤት አይግባ፣ ከምግብ ጋርም አይቀመጥ። አዜልያና ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊም መርዛማ ናቸው። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የቆመበት ውሃ ሳይቀር ይጎዳል፣ ልጆች ባሉበት ገበታ ላይ አላደርገውም። የአበባ ቅጠል ጠረጴዛ ላይ መበተንም ፋሽን ሆኗል፣ በእጅ በሚበላበት ገበታ ግን አይመከርም። ወደ ቤት ከማስገባትሽ በፊት ነፍሳቱን ደጅ አራግፊ። መድኃኒት የተረጨበት አበባ ምግብ አጠገብ አታድርጊ።

እንግዳ ደግሞ ከሱቅ የፋሲካ ሊሊ በማሰሮ ይዞልሽ ይመጣ ይሆናል። ድመት ካለሽ ወደ ቤት አታስገቢው። ለድመት ማንኛውም ክፍሉ፣ ብናኙም ጭምር፣ ገዳይ ነው። ድመት ከሌለሽም መሀሉ ላይ ያሉትን ብርቱካናማ ብናኝ የያዙ ዘንጎች ገና ሳይፈነዱ በወረቀት ይዘሽ ንቀያቸው። ብናኙ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ካረፈ አይለቅም። ከነካሽም በውሃ አትሺው። በፕላስተር እየለጠፍሽ አንሺው።

ቄጤማውን አልረሳሁትም። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠን ለራስ ነው። ለወለሉ የሚጎዘጎዘውን ከሐበሻ ሱቅ መግዛት ይቻላል፣ ሁልጊዜ ግን አይገኝም። እኔ ከማርች ጀምሮ የጓሮውን አንድ ጥግ ሣር ሳላጭድ እተወዋለሁ። ለፋሲካ ረዝሞ ይደርሳል። ያ ጥግ የአረም መድኃኒት የማይነካው መሆን አለበት። ሣር የሚያጭድልሽ ሰው ካለ አስቀድመሽ ንገሪው።

መቼ እንደምትጀምሪ ደግሞ ልንገርሽ። ዳፎዲልም ቱሊፕም የሚተከሉት በመከር ነው፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ውስጥ። ሽንኩርት የሚመስለውን የአበባውን ሥር ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ቆፍረሽ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርገሽ ቅበሪው። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይሁን። ቀደም፣ መካከለኛና ዘግይቶ የሚያብብ ተብሎ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፣ ከሦስቱም ቀላቅለሽ ግዢ። አበባው ካለፈ በኋላ የዳፎዲልን ቅጠል ቢጫ እስኪሆን ድረስ አትቁረጪው፣ ለሚመጣው ዓመት ምግቡን የሚያከማቸው በእሱ ነው። ሊላክና ፒዮኒ ተክለሽ ግን ጥቂት ዓመት መጠበቅ አለብሽ። ስለዚህ እነሱን አሁኑኑ ጀምሪ።

እግረ መንገድሽን ብላክ አይድ ሱዛንም ትከዪ። ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ አበባ እሷ ናት። ከሩቅ ሲያዩአት አደይ አበባን ታስታውሳለች፣ መሀሏ ግን ጥቁር ነው። በዚህ አገር በጋ ጀምራ ለእንቁጣጣሽም ትደርሳለች። ለፋሲካ አትሆንም፣ ለመስከረም ገበታሽ ግን ከእሷ የተሻለ አታገኚም።

ጓሮሽ ምን ያህል ፀሐይ እንደሚያገኝና አጥር እንዳለው ብትጽፊልኝ፣ የትኛውን የት ብትተክዪ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።