ዩኒቨርሲቲው ኮንፈረንስ ሲቀይር የሯጯ ስኮላርሺፕ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። የእህቴ ልጅ ከአሰላ በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ መጥታ በሩጫ ስኮላርሺፕ ትማራለች። ዩኒቨርሲቲዋ ከማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ለቆ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፓክ-12 ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ የሚገባ ነው። መጀመሪያ ሲወስዷት አሰልጣኙ ውድድሩ ሩቅ ጉዞ የሌለው፣ ቅርብ ለቅርብ እንደሆነ ነግሯት ነበር። አሁን ስኮላርሺፗ ይነካ ይሆን? ቃላቸውን ስላጠፉ መክሰስ እንችላለን? ወይስ ትራንስፈር ፖርታል (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ስፖርተኞች የሚመዘገቡበት) ውስጥ ገብታ ሌላ ትምህርት ቤት ትፈልግ? ጓደኞቿ ቶሎ ግቢ እያሏት ነው።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ልጅቷ ፖርታል ውስጥ ስሟን እንዳታስገባ ይንገሯት። ምክንያቱን ወደ ታች አብራራለሁ።

ኮንፈረንስ መቀየር ብቻውን ስኮላርሺፕ አያስቀርም። የስኮላርሺፑን ውል የፈረመላት ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ማውንቴን ዌስትም ሆነ ፓክ-12 በወረቀቱ ላይ የሉበትም። በዚያው ልክ ዩኒቨርሲቲውና ኮንፈረንሱ በተዋዋሉት ላይ እሷ የለችበትም። የክሱ ጥያቄዎ የሚቸግረውም እዚህ ላይ ነው።

ኮንፈረንስ የመቀያየሩ ግፊያ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይረዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 የኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ የእግር ኳስ (የአሜሪካኑ ማለቴ ነው) የቴሌቪዥን ሽያጭን ብቻውን መቆጣጠሩ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ሽያጩ ወደ ኮንፈረንሶቹና ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ እጅ ገባ። ብዙ ተመልካች ያለው ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ወደሚከፈልበት ኮንፈረንስ ይሄዳል፤ የተጎዳው ኮንፈረንስ ደግሞ ክፍተቱን ለመሙላት ከጎረቤቱ ይወስዳል። የፓክ-12 አባላት የነበሩት ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በጁን 2022 ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ አሳወቁ። በ2023 ክረምት ኮሎራዶ፣ ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴት፣ ዩታ፣ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ በርክሌይ ተከትለው ወደተለያዩ ኮንፈረንሶች ለመሄድ ወሰኑ። ከአሥራ ሁለቱ የፓክ-12 አባላት የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ ዝም አላሉም። በዋሽንግተን ግዛት በዊትማን ካውንቲ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክራቸው፣ በኮንፈረንሱ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት የመልቀቂያ ማስታወቂያ የሰጠ አባል የቦርድ ድምፁን ያጣል የሚል ነበር። ዳኛው በኖቬምበር 2023 ተቀብለዋቸው የእግድ ትእዛዝ ሰጡ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም አለ፤ ከዚያ ሁሉም ታረቁ። ኮንፈረንሱና ስሙ በሁለቱ እጅ ቀረ። ሆኖም በእግር ኳሱ ከፍተኛ ምድብ አንድ ኮንፈረንስ እንዲታወቅ ቢያንስ ስምንት አባላት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በ2024 ከማውንቴን ዌስት ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትን፣ ሳንዲያጎ ስቴትንና ዩታ ስቴትን ወሰዱ። እግር ኳስ የሌለው ጎንዛጋም ተጨመረ፤ በጁን 2025 ቴክሳስ ስቴት ስምንተኛውን ወንበር ሞላ። የእህትዎ ልጅ ከአምስቱ በአንዱ መሆኗ ነው።

ማውንቴን ዌስት በበኩሉ ሂሳብ አወጣ። ሁለቱ ኮንፈረንሶች ቀደም ብለው በተፈራረሙት የጨዋታ ስምምነት ውስጥ፣ ፓክ-12 ከማውንቴን ዌስት አባል ቢወስድ ለመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 500,000 ዶላር እየጨመረ እንዲከፍል የሚል አንቀጽ ነበር። ለአምስቱ ሲደመር 55 ሚሊዮን ይሆናል። ፓክ-12 አንቀጹ ውድድርን ይገድባል ብሎ በሴፕቴምበር 2024 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ኤሲሲ የሚባለው ኮንፈረንስም እንዲሁ ከአባላቱ ከፍሎሪዳ ስቴትና ከክሌምሰን ጋር በሦስት ግዛቶች ሲካሰስ ቆይቶ በማርች 2025 ታረቀ።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ለወሬ አይደለም። በእነዚህ ሁሉ መዝገቦች ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ ዩኒቨርሲቲና ኮንፈረንስ ናቸው፤ ጭቅጭቁም በመውጫ ክፍያ፣ በቴሌቪዥን መብትና በቦርድ ድምፅ ላይ ነው። ተማሪ ገብቶ ለምን ኮንፈረንስ ቀየራችሁ ብሎ የሚከራከርበት በር በሕጉ በኩል በጣም ጠባብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ውል ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ነው ይላል፤ እዚህም ያለው መርሕ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

የአሰልጣኙ ንግግርስ? በ1992 የአሜሪካ ፌዴራል የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሮስ የተባለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች በክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ላይ ባቀረበው ክስ የሰጠው ውሳኔ አለ። ትምህርቱ ጥራት ጎደለው የሚለውን አቤቱታ ጣለው፤ ነገር ግን ለይቶ የተገባ አገልግሎት ፈጽሞ ካልተሰጠ በውል መክሰስ ይቻላል አለ። «ውድድሩ ቅርብ ለቅርብ ነው» የሚለው ከዚያ ደረጃ የሚደርስ አይመስለኝም። በጽሑፍ፣ ለምሳሌ የማስጠናት አገልግሎት ወይም የክረምት ትምህርት ክፍያ ቃል ተገብቶላት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኢሜይሎቹንና የስልክ መልእክቶቹን አታጥፋ።

እውነቱን ለመናገር፣ በእሷ ሁኔታ የጉዞው ስጋት ተጋንኗል። አገር አቋራጭና ትራክ እንደ መረብ ኳስ በየሳምንቱ የኮንፈረንስ ጨዋታ የላቸውም፤ ግዴታው በዋናነት የዓመቱ የኮንፈረንስ ሻምፒዮናዎች ናቸው። አዲሱ ፓክ-12 ከቴክሳስ ስቴት በቀር በሙሉ ምዕራብ ነው። ከካሊፎርኒያ ተነስተው ከቦስተንና ከማያሚ ጋር አንድ ኮንፈረንስ የገቡት የስታንፎርድ ልጆች ቢያማርሩ ይሻላል።

የሚጠብቃት ሕግ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ በዲቪዥን 1 (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ያለ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ሰዓቷ ስለዘገየ ወይም ስለተጎዳች ብሎ ስኮላርሺፗን መቀነስም መሰረዝም አይችልም። ቢቀነስ ወይም ባይታደስ በጽሑፍ ሊያሳውቃትና የመሰማት ዕድል ሊሰጣት ይገባል፤ ይግባኙን የሚሰማውም የስፖርት ክፍሉ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው የገንዘብ እርዳታ ክፍል የሚያቋቁመው አካል ነው። የይግባኙን ቀነ ገደብ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይወስነዋል፤ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ይደውሉልን። የእድሳት ውሳኔውን እስከ ጁላይ 1 ማሳወቅ አለባቸው። ኮንፈረንሱ የሚቀየርበት ቀንም ያው ስለሆነ ሰዉ ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ግንኙነት የላቸውም።

ጥበቃው የማይሠራበት ሁኔታም አለ። በራሷ ፈቃድ ቡድኑን ከለቀቀች ጥበቃው ያበቃል። በ1972 የሰሜን ካሮላይና ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ትምህርቴን ላስቀድም ብሎ ልምምድ ያቆመ የዌክ ፎረስት ተጫዋች ስኮላርሺፑን ሲያጣ ለዩኒቨርሲቲው ፈርዷል። ፖርታሉም የሚያሰጋኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በትምህርቷ ደህና የሆነች ልጅ ትምህርት ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ብትቀይርም ከውድድር ውጭ ሳትቀመጥ ወዲያው መወዳደር ትችላለች፤ ጓደኞቿ ያዩት ይህን ነው። ያላዩት ግን፣ ስሟ ፖርታል ውስጥ በገባ ጊዜ የአሁኑ ዩኒቨርሲቲ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፗን ማቋረጥ እንደሚፈቀድለት ነው። አዲስ ቦታ የሚቀበላት ካልተገኘ መልሶ የመውሰድ ግዴታ የለበትም። ኤፍ 1 ላይ ላለች ልጅ ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ሰነድ) ለመስጠት ወጪዋን ማን እንደሚሸፍን ማስረጃ ይጠይቃል። ስኮላርሺፕ ከሌለ ያንን ማሳየት ያለብዎት እርስዎ ይሆናሉ።

ከኮንፈረንሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የቡድን ቁጥር ገደብ ነው። በጁን 2025 የጸደቀው የሃውስ ስምምነት (ስፖርተኞች በኤንሲኤኤ ላይ ያቀረቡት ክስ ያበቃበት እርቅ) ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ሲፈቅድ፣ በተቀበሉት ትምህርት ቤቶች የአገር አቋራጭ ቡድን ከ17፣ የትራክ ቡድን ከ45 እንዳይበልጥ አድርጓል። ዩኒቨርሲቲዋ በስምምነቱ ገብቶ እንደሆነና እሷ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን አሰልጣኙን በኢሜይል ትጠይቀው፤ መልሱም በኢሜይል ይሁን።

ሌሎች ኮንፈረንሶችም ይለዋወጣሉ ወይ ብለው ካሰቡ፣ ቀጣዩ ትልቅ መንቀሳቀስ የሚጠበቀው በ2030 አካባቢ ነው። የቢግ ቴንና የቢግ 12 የቴሌቪዥን ውሎች በዚያ ጊዜ ያበቃሉ፤ የኤሲሲ መውጫ ክፍያም በየዓመቱ እየቀነሰ ያኔ 75 ሚሊዮን ዶላር ላይ ይደርሳል። እሷ ያኔ ተመርቃለች።

የቀረው የቪዛው ጉዳይ ነው። ጉዞ ሲበዛ አማካሪዎች ስፖርተኞችን ወደ ኦንላይን ትምህርት ይገፋሉ። ለአሜሪካዊት ተማሪ ችግር የለውም፤ የኤፍ 1 ተማሪ ግን በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባት፣ ከዚያ ውስጥ ከኦንላይን የሚቆጠርላት አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ የስፖርት አማካሪ ሳያስበው ሕጋዊ ቆይታዋን ሊያበላሽባት ይችላል። የኮርስ ምዝገባዋን ከማጽደቋ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ያለውን ኃላፊ ታማክር። የጫማ ወይም የመጠጥ ድርጅት ፎቶሽን ልጠቀም ብሎ ገንዘብ ቢያቀርብላትም፣ ቪዛዋ ከግቢ ውጭ ሥራን ስለሚገድብ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ውሉን ሳያነበው እንዳትፈርም።