ልጅዎ የእንግሊዝ ዘውድ ሄራልድ መሆን ከፈለገ

ውድ እህታችን፣ ለንደን ውስጥ ታሪክ የሚያጠናው ልጅዎ ሄራልድ የመሆን ምኞት እንዳለው ገልጸው፣ ይህ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው ወይስ የክብር ስም ብቻ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ሄራልድ አይደለሁም፤ ሆኖም እዚሁ ለንደን የሰዎችን የዘር ሐረግ ከመዛግብት ፈልጎ የማውጣት ሥራ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁና በዚሁ ምክንያት መሥሪያ ቤታቸውን ደጋግሜ ስለረገጥሁ፣ ያየሁትንና የተማርሁትን ላካፍልዎ።

ሄራልድን በአማርኛ «አዋጅ ነጋሪ» እንለዋለን። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም የሚነካው የሥራውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የንጉሥ ቻርልስን መንገሥ ከሴንት ጀምስ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ያወጁት ዴቪድ ኋይት፣ ጋርተር ኪንግ ኦፍ አርምስ የሚባለውን የሄራልዶች አለቃነት ማዕርግ የያዙ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለው ቀን ግን በአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን ከስንት አንዴ የሚመጣ ነው። በወርቅ ክር የተሠራው ታባርድ የሚባለው ልብስ የሚለበሰው ለበዓልና ለሥርዓት ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ጊዜ በሙሉ የሚያልፈው በሰነድ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤታቸው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ በኩዊን ቪክቶሪያ ጎዳና ይገኛል፤ ኮሌጅ ቢባልም ትምህርት ቤት አይደለም። በ1484 በንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ቻርተር የተቋቋመ ሲሆን፣ 13 መደበኛ ሹማምንት አሉት፤ ሦስቱ ኪንግ ኦፍ አርምስ፣ ስድስቱ ሄራልድ፣ አራቱ ደግሞ ፐርሲቫንት ይባላሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዝቅተኛው፣ በፐርሲቫንት ማዕርግ ነው። ስለ ደመወዙ የጠየቁትን በቀጥታ ልመልስ፦ ከዘውዱ የሚከፈለው ገንዘብ በ1830ዎቹ በንጉሥ ዊልያም አራተኛ ዘመን እንደተወሰነ የቀረ ነው፤ ለፐርሲቫንት በዓመት 13.95 ፓውንድ፣ ለጋርተር 49.07 ፓውንድ። እንጀራቸው የሚገኘው ደንበኛ ለዘር ጥናትና ለአርማ፣ ማለትም በጋሻ ቅርጽ ላይ ለሚሣል የዘር መለያ ምልክት፣ ሥራ ከሚከፍለው ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን በቅርብ አይቻለሁ። አንድ ደንበኛዬ ከማስታወሻ ዕቃ ሱቅ የገዛውን፣ የቤተሰቡ ስም የተጻፈበትን ባለ አንበሳ ጋሻ ሥዕል በፍሬሙ እንዳለ ይዞ አብሮኝ ሄደ። ሹማምንቱ እንግዳ ለመቀበል በየተራ ስለሚቀመጡ፣ የዕለቱ ተረኛ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው በትዕግሥት ተመለከቱት። ከዚያም በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ከእርሱ ለሚወርዱ ዘሮቹ እንጂ ስሙ ለገጠመ ሁሉ እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ጋሻው የእኔ ነው የሚል ሰው የመጀመሪያው ባለ አርማ ዘር መሆኑን ትውልድ በትውልድ በሰነድ ማስረዳት እንዳለበት ነገሩት። ደንበኛዬ ክፉኛ አዘነ። ሹሙ ግን አላሰናበቱትም፤ ወረቀት ሳብ አድርገው አያቱ የት እንደተወለዱ ይጠይቁት ጀመር። ጥናቱ የቆየ አርማ ባያስገኝ እንኳ አዲስ ማመልከት ይቻላል፤ ማመልከቻው ከተፈቀደም አርማው በእጅ ተሥሎ፣ ቃሉ በብራና ተጽፎ፣ በኪንግ ኦፍ አርምሶቹ ፊርማና ማኅተም ይሰጣል።

ልጅዎ የአንድን ሹም የሕይወት ታሪክ ማየት ቢፈልግ ሰር አንቶኒ ዋግነርን እመክራለሁ። በ1908 ተወልደው ኦክስፎርድ ከተማሩ በኋላ በ1931 ፖርትከሊስ ፐርሲቫንት ሆነው ገቡ፤ በ1943 ሪችመንድ ሄራልድ፣ በ1961 ጋርተር ሆኑ። በዊንስተን ቸርችል የ1965 ቀብርና የአሁኑ ንጉሥ በ1969 በካርናርቨን የዌልስ ልዑል ሆነው በተሾሙበት ሥነ ሥርዓት ላይ ያገለገሉት በዚህ ማዕርግ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገርም አለ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 የጋርተር ኒሻን ሲሸለሙ፣ የኒሻኑ ማኅበር ጸሐፊ ዋግነር ነበሩ። በ1978 የጋርተርን ማዕርግ ለቅቀው ክላረንሱ በሚባለው፣ በደረጃ ዝቅ በሚለው ሹመት እስከ 1995 ዕለተ ሞታቸው መቆየታቸው እጅግ ያስደንቀኛል። በመጨረሻ ዘመናቸው ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ ከሥራው አልተለዩም። ለክብሩ ብቻ የገባ ሰው እንዲህ የሚጸና አይመስለኝም።

ሹመቱ የሚሰጠው ቦታ ሲለቀቅ በዘውዱ ነው፤ እጩውን የሚያቀርቡት በውርስ ኧርል ማርሻል የሆኑት የኖርፎክ መስፍን ናቸው። ስለዚህ ልጅዎ ማስታወቂያ ከሚጠብቅ፣ በአንድ ሹም ቢሮ በረዳትነት ለመቀጠር ይሞክር። ላቲንና የ16ኛውን መቶ ዘመን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ግን ከአሁኑ ይጀምር፤ ሹማምንቱ ከ1530 እስከ 1688 በየአውራጃው እየዞሩ የመዘገቡት የዘር ሐረግ የተጻፈው በእነዚህ ነውና፣ ረዳት ሆኖ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጡት ያንን ሊሆን ይችላል።