ጥያቄና መልስ፦ ጤፉን ከመሸጣችሁ በፊት

የጥር ሰርግ ሲቃረብ የቪዲዮ ቀራጮች ጥያቄ ይበዛል። በዚህ ሳምንት የደረሱኝም አብዛኞቹ 4ኬ ስለሚባለው ጥርት ያለ ቪዲዮ ኤዲቲንግና ለእሱ ስለሚሆን ኮምፒውተር ናቸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ አግኝቷል። ሻጩ «አይ ሰቨን ነው፣ የሚያቅተው ነገር የለም» ብሎታል። ልግዛው ወይ ይላል።

አይ ሰቨን የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ነው፤ ስሙ ብቻውን ግን ምንም አይነግርህም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር እይ። አይ7-4790 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የወጣ ባለ 4 ኮር ነው፤ ኮር ማለት ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል ነው። በ2022 የወጣው አይ5-12400 ግን 6 ኮር አለው፤ በስም ቢያንስም በሥራ ይበልጠዋል። ሻጩ ሙሉ ቁጥሩን ካላሳየህ ተወው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሰርግ በ4ኬ ትቀርጻለች። ባለ 8 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ የሥራ ማኅደር) ላፕቶፗ ገና ቪዲዮው ሲከፈት ቀጥ ይላል። አባቷ ጤፍ ሸጠው አዲስ ሊገዙላት ተነስተዋል።

እህቴ፣ አባትሽን ትንሽ አስታግሻቸው። መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንይ። አንድ የ4ኬ ምስል 3840 በ2160 ነጥብ ነው፤ የፉል ኤችዲ 4 እጥፍ። በዚያ ላይ ካሜራሽ ፋይሉ እንዳይገዝፍ ኤች 265 በሚባል የማመቂያ ዘዴ አጥብቆ ያምቀዋል። ላፕቶፑ የሚንገዳገደው ያንን እያንዳንዱን ምስል መልሶ ሲፈታ ነው።

ስለዚህ ፕሮክሲ ሞክሪ። ሶፍትዌሩ ከዋናው ቪዲዮ ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራልሻል። በቅጂው ትቆርጫለሽ፣ ትቀጥያለሽ፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ግን ከዋናው ነው፣ ጥራቱ አይቀንስም። በነጻ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭም፣ ፕሪሚየርም ይህ አላቸው። ቅጂው እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማታ አስጀምረሽው ተኚ። ላፕቶፕሽ ራም የሚጨመርበት ከሆነም 16 አድርጊው። በጣም ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው።

ይህም አልበቃ ካለ ያኔ ግዢ። 16 ጊጋ ራም መነሻ ነው፣ 32 ቢሆን ያሳርፍሻል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ካሜራሽ በ10 ቢት 4፡2፡2 (ቀለምን በበለጠ ዝርዝር በሚይዝ አቀራረጽ) የሚቀርጽ ከሆነ፣ ከአርቲኤክስ 50 በፊት የወጡ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ያንን የኤች 265 ፋይል በራሳቸው አይፈቱትም። ውስጣቸው ግራፊክስ ያላቸው ከ11ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና የአፕል ኤም1 ግን ይፈቱታል። ውድ ካርድ ገዝተው የተቆጩ ልጆች አውቃለሁ፤ ያንቺም ገንዘብ እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም። የራስሽን ቪዲዮ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ እይው። እምቢ ካሉሽ ሌላ ሱቅ።

ከቡሬ፦ ማክ ይሻላል ዊንዶውስ?

ሲበላሽ ቡሬ ላይ የሚጠግነው ሰው ያለውን ግዛ።

ከዳንግላ፦ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አስቸግሮታል። ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ?

ላፕቶፕ። ባትሪው ሥራህን ሴቭ እስክታደርግ ያቆይሃል። ዴስክቶፕ ከገዛህ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አብረህ ግዛ። የቤቱን መስመር ኤሌክትሪሻን ይይልህ።

ከባሕር ዳር፦ የአንድ ሰርግ ሙሉ ቀረጻ ያለበት ዲስክ ጠቅ ጠቅ እያለ አልከፈት ብሏል። ጓደኛው «ፈተን እንየው» ብሎታል።

በፍጹም አትፍቱት! አሁኑኑ ንቀለው። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የውስጡ አንባቢ መጎዳቱን ነው የሚናገረው፤ በሰካኸው ቁጥር ቀረጻው ያለበትን የዲስኩን ገጽ ሊፍቀው ይችላል። ዳታ ሪከቨሪ ወደሚሠራ ባለሙያ ውሰደው። ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ አይበቃም፤ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቢኖርብህም ሂድ። እኔ የአንድ ቤተሰብ ምርቃት እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ። አያታቸው ከዚያ በኋላ አልተቀረጹም።

ለወደፊቱ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የተቀረጸ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የ6 ሰዓት ሰርግ 270 ነው። ሁለት ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ የካሜራውን ካርድ አታጥፋ። የአሁኑን ዲስክ ደግሞ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው፤ ባለሙያው እጅ እስኪገባ ማንም እንዳይሰካው።