«ምሁር» ከዲግሪ በፊት ወይስ በኋላ?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከክፍሌ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘሁበት የጽሑፍ ሥራ ሲመለስልኝ መምህሬ ከግርጌው «ውጤትሽ በጣም ጥሩ ነው፤ ምሁርነቱ ግን ገና ነው» ብለው ጽፈውበታል። ምሁር ማለት ተምሮ የጨረሰ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው አይደለምን? ገና በመማር ላይ ያለች ተማሪ እንዴት ምሁርነት ትጠየቃለች? አጻጻፉስ «ምሁር» ነው ወይስ «ምሑር»?

መልስ፦ ከአጻጻፉ ልጀምር። «ምሁር» በሀሌታው «ሀ» ነው። በግእዝ «መሀረ» አስተማረ ማለት ሲሆን «መሐረ» ግን ራራ፣ ይቅር አለ ማለት ነው። ትምህርትና መምህር ከመጀመሪያው፣ ምሕረት ከሁለተኛው ይወለዳሉ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲያጣ ሁለቱ ተደበላለቁ፤ ዛሬ «ተማረ» ዕውቀት ገበየም፣ ምሕረት ተደረገለትም ይሆናል። በሐመሩ «ሐ» «ምሑር» ብሎ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ስለ ዕውቀት ሳይሆን ስለ ይቅርታ እየጻፈ ነው። በኅትመት ሁለቱም ይታያሉ፤ እኔ ግን ከአንዱ አልነቃነቅም።

የቃሉ ዘመዶች ከግእዝም ወዲያ ይገኛሉ። በዕብራይስጥ «ማሂር» ፈጣን፣ የሠለጠነ ማለት ነው፤ መጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 7 ላይ ዕዝራ «ሶፌር ማሂር» ይባላል፣ የሠለጠነ ጸሓፊ። በዐረብኛም «ማህር» በሙያው የተካነ ሰው ነው። ስለዚህ ከሥሩ ስንመለከተው ቃሉ የሚናገረው በሰውየው ውስጥ ስላለ ችሎታ ነው፤ ማን እንደመሰከረለት፣ ስንት እንደተሰጠው አይናገርም።

«ምሁር በ‹ቅዱስ› ሚዛን (የቃል አሠራር) የተሠራ ተገብሮ ቅጽል፣ ማለትም ድርጊት የተፈጸመበትን የሚገልጽ፣ ስለሆነ የተፈጸመ ድርጊትን ያመለክታል፤ በመሆኑም ትምህርቱን ለጨረሰ ብቻ ይነገራል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላሳመነኝም። በዚያው ሚዛን የተሠሩትን «ርኁብ» እና «ጽሙእ» እንይ። ርኁብ ተርቦ የጨረሰ ሰው አይደለም፤ አሁን የራበው ነው። ጽሙእም አሁን የጠማው ነው። ባላንጣዎቼ «ርኅበና ጸምአ የማይሻገሩ፣ ማለትም ተሳቢ የማይቀበሉ፣ ግሶች ናቸው፣ መሀረ ግን ተሻጋሪ ነው፤ ንጽጽሩ አይሠራም» ይላሉ። ስለ ግሶቹ ትክክል ናቸው። ቢሆንም ምሁርን ከእነዚህ ከሁለቱ ጎን ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ ከ«ጨረሰ» ጋር ከተቆራኘ ምሁር ይልቅ ከ«ጠማው» ጋር የተዛመደ ምሁር ለቋንቋውም ለትምህርቱም ይበጃልና።

መምህርዎ ሁለት ቃላት ለይተው መጠቀማቸውን ልብ ይበሉ። «ውጤት» ከ«ወጣ» የመጣ ነው፤ ከሥራው ወጥቶ ለሌላ ሰው ዓይን የሚታየው ነው። ማርኩ፣ ነጥቡ፣ ደረጃው ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። የተሸመደደም ውጤት ያስገኛል፤ አሳዛኝ ቢሆንም የተኮረጀም ያስገኛል። ምሁርነት ግን የሚታወቀው ወረቀቱ ታርሞ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሙሉ ነጥብ ያገኘችበትን መልስ «ለምን ትክክል ሆነ?» ብላ እንደገና የምትመረምር ተማሪ አለች። የጠቀሰችውን ሐሳብ ከባለቤቱ ጽሑፍ ፈልጋ የምታነብ፣ የሚቃወማትን ማስረጃ ሳትደብቅ የምታቀርብ፣ ያልገባትን አልገባኝም የምትል ተማሪ አለች። ለዚህ ሁሉ በማርክ መስጫው ላይ ቦታ የለውም፤ ምሁር የምላት ግን እርሷን ነው፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ብትሆንም።

«አጠና» የሚለውን ግስም በዚሁ አንሥቼው ልለፍ። «ጠና» በረታ ነው፤ ግእዙ «ጸንዐ» ይለዋል። ያጠና ሰው ነገሩን በውስጡ ያጸና ነው። ከፈተና ማግስት የሚጠፋ ንባብ ጥናት መባሉ ይከነክነኛል።

«ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃልም ወደ እኛ ሲመጣ የነጻ ትምህርት ዕድልን ትርጉም ብቻ ይዞ ቀረ፤ በምንጩ ቋንቋ ምሁርነት ማለትም መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ትርጉሙ ሲጠብ ዝም ብለን ማየታችን ያሳዝነኛል።

በእርግጥ የዛሬው ጋዜጣ «ምሁራን ተወያዩ» ሲል ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ተሰበሰቡ ማለቱ ነው። አንባቢውም እንደዚያው ይረዳዋል፤ እርስዎም የተረዱት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ጥያቄዎ ስሕተት የለበትም። አጠቃቀሙ ተራምዷል፣ እኔ ብቻዬን ልመልሰው አልችልም። የመምህርዎ አገባብ ግን የቆየና የሚያስኬድ ነው፤ ገና በመማር ላይ ካለ ሰው ምሁርነትን መጠበቅ ይቻላል።

ስለ ጾታው አልጠየቁኝም፤ ሳልጠቅሰው ግን አላልፍም። በግእዙ ሥርዓት ብሩክ «ብርክት»፣ ቅዱስ «ቅድስት» እንደሚል የምሁር አንስታይ «ምህርት» ነው። ለጆሮዬ ከ«ምሁሯ» ይልቅ ይህ ያምራል። ዛሬ ግን «ምህርት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ስለዚህ «ምሁሯ» ብለው ቢጽፉ አላርምዎትም።