ከመከራከራችሁ በፊት መለኪያውን እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሙቀትና ዝናብ በመመዝገብ ነው። ቴርሞሜትሮቹ ያሉት ነፋስ እንዲያልፍባት ጎኗ በስስ ጣውላ በተረበረበ፣ ነጭ ቀለም በተቀባች የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ጠዋት ልክ በ3 ሰዓት በሯን እከፍትና ትንፋሼ እንዳያሞቃቸው ፊቴን መለስ አድርጌ አነባለሁ። ከዚያ የሌሊቱን ዝናብ በመስታወት መለኪያ ገልብጬ፣ ዓይኔን ከውኃው ጋር እኩል አድርጌ እጽፋለሁ። ክረምት ከበጋ፣ በዓልም ቢሆን።

ይህን የማነሣው ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምትከራከሩት ክርክር ስለሚያሳስበኝ ነው። አንዱ «የሰው ሥራ ነው» ይላል፤ ሌላው «የፈረንጅ ፖለቲካ ነው» ብሎ ይመልሳል። ማን እንዴት ለካው ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላይም።

እኔም ተጠራጥሬ አውቃለሁ፤ አላፍርበትም። ሥራ ስጀምር የጣቢያችን ዙሪያ የጤፍ ማሳ ነበር። ጡረታ ስወጣ በሦስት በኩል የብሎኬት ግንብ ከቦት፣ በአራተኛው አስፋልት አልፎበት ነበር። መዝገቡ ሙቀት መጨመሩን ያሳያል። የጨመረው ግን የምድር ሙቀት ነው ወይስ የግንቡ? ይህ ጥያቄ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

ልቤን ያሳረፈው እንደ እኔው የተጠራጠረ ሰው ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሙለር በሙቀት መዛግብቱ ላይ ጥያቄ ነበራቸው። ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው መዛግብቱን እንደ አዲስ መረመሩ፤ ከተማ የዋጣቸውን ጣቢያዎች ከገጠሮቹ ጋር አስተያዩ። ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው በነዳጅ ንግድ ከከበረ ቤተሰብ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲወጣ ሙቀቱ በእርግጥ ጨምሯል፤ የከተሞቹ ግንብ ድምሩን አልለወጠውም። በዓመቱ ሙለር ሐሳባቸውን መለወጣቸውን፣ መንስኤውም ከሞላ ጎደል ሰው መሆኑን በጋዜጣ ጻፉ። እኔ የማከብረው እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ነው፤ ወርዶ የሚቆፍረውን፣ ያገኘውንም የማይደብቀውን።

«የሰው መሆኑ በምን ይታወቃል?» ትሉኛላችሁ። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ሲለኩ፣ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ይህ ነዳጅና ከሰል ሲነድ የሚወጣ፣ የምድርን ሙቀት እንዳያመልጥ የሚይዝ ጋዝ ነው። ዛሬ ከ420 አልፏል። ጭማሪው ከየት እንደመጣ የሚያሳብቀው ካርቦን 14 የተባለው የካርቦን ዓይነት ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ይህን ካርቦን ከአየር ያገኛል፤ ከሞተ በኋላ ግን እየመነመነ ይሄዳል። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጀ የታወቀው በዚሁ ስልት ነው። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ግን ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ስለኖሩ ካርቦን 14 የላቸውም። ጭሳቸው ሲበዛ በአየሩ ውስጥ የካርቦን 14 ድርሻ ይሳሳል። ሃንስ ሱስ የተባሉ ኬሚስት ይህንኑ በዛፍ እንጨት ላይ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተሙ። ታዲያ በገሪማ ብራና ዕድሜ እየኮራን፣ ያው ሚዛን ስለ አየሩ የሚለውን እንዴት አንሰማም?

«ፀሐይዋ ናት» ለሚሉም መልስ አለ። ፀሐይዋ ቢሆን ኖሮ አየሩ ከላይ እስከ ታች በሞቀ ነበር። የተለካው ግን ታችኛው ሲሞቅ ላይኛው መቀዝቀዙ ነው።

የሰው ሥራ ነው የምትሉትንም አልምራችሁም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ሲመታን ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሞቆ የዝናብን አካሄድ የሚያዛባበት ክስተት፣ በርትቶ ነበር፤ ኤልኒኖ ደግሞ ፋብሪካ ሳይተከልም የነበረ ነው። ሙቀቱ ድርቁን ሊያብሰው ይችላል፤ የሁሉም ድርቅ አባት ግን አይደለም። ደኑ ተመንጥሮ የነጠፈውን ምንጭ በሌላ አገር ጭስ ብቻ ማመካኘት ደግሞ የራሳችንን መጥረቢያ መደበቅ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየጣቢያው አቧራ የጠጡ፣ ብል የጀመራቸው የእጅ ጽሑፍ መዝገቦች አሉ። እናንተ ኮምፒውተር ታውቃላችሁ፤ ሳይጠፉ ገልብጡልን። ቁጥራችንን እንዳለ ውሰዱት፤ የማይመስል ቢሆን እንኳ ጠይቁ እንጂ አታርሙት። ባዶ የሆነ ወር ካገኛችሁም በግምት አትሙሉት። በዚያ ወር ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ነበር።